ከወደቡ በር እስከ ፍርድ ቤት

አምስት የቱሪስት መርከብ የቆመ ቀን በሴንት ቶማስ ደሴት አገሬው እግረኛ ይሆናል። አልቪዳ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ቤቷ ከወደቡ በላይ ካለው ዳገት ላይ ነውና ጠዋት መስኮት ስትከፍት መጀመሪያ የምታደርገው መርከብ መቁጠር ነው። የዚያን ቀን አምስት ነበሩ። ስለዚህ የፍርድ ቤት ቀጠሮዋ ለአራት ሰዓት ሆኖ ሳለ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወጣች። የታመመ ጉልበቷን እየጎተተች ቁልቁለቱን ወረደችና ከወደቡ በር ፊት ለፊት ካለው ፌርማታ ቆመች። በደህናው ጊዜ ከተማውን በእግሯ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ትገባው ነበር። አሁን ጉልበቷ ከማዶው ሱቅ አያሳልፋትም።

ሳፋሪዎቹ እየተከታተሉ ያልፋሉ። ኋላው ላይ ጣሪያና አግዳሚ ወንበር የተገጠመለት፣ ጎኑ ክፍት የሆነ የጭነት መኪና ነው ሳፋሪ፤ የአገሩ ሰው ሥራ የሚገባው፣ ሐኪም ቤት የሚሄደው፣ ለቅሶ የሚደርሰው በእሱ ነው። መርከብ በሌለበት ቀን ሾፌሮቹ ፍጥነት ቀንሰው «እናቴ፣ ትሄጃለሽ?» እያሉ መንገደኛ ይለማመጣሉ። መርከብ ሲመጣ ግን ዓይናቸው ይታወራል። ድሮስ የመርከብ ሰው በታክሲ እየሄደ ቢያንስ ወንበሩን ለአገሬው ይተው ነበር። ዘንድሮ ከስልካቸው ላይ «እንደ አገሬው ተጓዙ» የሚል ምክር አንብበው ይመጡና አገሬው የሚቀመጥበትን ሁሉ ይይዙታል። አሥራ አራት ሳፋሪ አለፋት። ሁሉም በኮፍያና በተላጠ አፍንጫ ጢም ብሎ ሞልቶ።

አልቪዳ የያዘችው ወረቀት በእጇ ላብ ረጥቧል። ታናሽ ወንድሟ ኦስበርት የእናታቸው ቤት ተሸጦ ገንዘቡ ለሁለቱ እንዲከፋፈል አመልክቶ ነበር። ገዢው ባሕሩን ወደ ታች የሚያሳየውን በረንዳ ወዶ ቤቱን የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው የመጣ የባሕር ማዶ ሰው ነው። ኦስበርት ጠበቃ አለው፤ እሱ ቢቀር ጠበቃው ይቆምለታል። አልቪዳ ያላት አልቪዳ ብቻ ናት። ወረቀቱ ላይ ያለችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር በቃሏ ይዛታለች፤ ተቃዋሚ በቀጠሮው ሰዓት ካልቀረበ ተቃውሞ እንደሌለው ይቆጠራል። ስልሳ ሦስት ዓመት የኖረችበት ቤት በዚያች ሰዓት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ከወደቡ በር አንድ ቢጫ ሳፋሪ ወጣ። ከሩቅ አወቀችው፤ የኦስበርት ነው። ሲያልፋት እንደ ልማዷ ፊቷን ልታዞር ተዘጋጅታ ነበር። አላለፋትም። ፊቷ ቆመ።

ከኦስበርት ጋር ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም። አልተነጋገሩም ሲባል በዚያ ደሴት ትንሽ ነገር አይደለም። እዚያ ሰው ቢሰርቅ ይቅር ይባላል፣ ቢማግጥ ይረሳል፤ የእግዜር ሰላምታ የነፈገ ግን እስከ ልጅ ልጁ ይነሳበታል። ሱቅ ስትገባ፣ ሳፋሪ ላይ ስትወጣ፣ ሐኪም ጋ ወረፋ ስትይዝ መጀመሪያ «እንደምን አደራችሁ» ትላለህ፤ ያለው ሰው ሁሉ ይመልስልሃል። ኦስበርት በእናታቸው ቀብር ማግስት እህቱን በሩ ላይ አገኛትና ዝም ብሎ አለፋት። እሷም አልቀደመችውም። ታላቅ እኔ ነኝ፣ ይቅደመኝ ስትል ስድስት ዓመት ሄደ።

አሁን መሪውን እንደያዘ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «ቦታ አለ» አላት።

 አልቪዳ ለአፍታ ሆዷ ባባ። ምንም ቢሆን አንድ ጡት ጠብተናል አለች በልቧ። ብረቱን ይዛ ተንጠልጥላ ወጣችና ከሁሉም ኋላ ያለው አግዳሚ ጫፍ ላይ እየተቀመጠች ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «እንደምን አደራችሁ» አለች።

አሥራ ስምንት የመርከብ ሰው ዞሮ አያት። ማንም አልመለሰም። አጠገቧ የተቀመጠች፣ አንገቷ በፀሐይ የቀላ ሴትዮ የእጅ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና፣ «አንገዛም፣ አመሰግናለሁ» አለቻት።

«እኔም አልሸጥም» አለች አልቪዳ። «ደህና አደራችሁ ወይ ነው ያልኩት። እናንተ አገር ሰላምታም ግብር ይከፈልበታል መሰለኝ።»

ሴትዮዋ ባሏን አየች፤ ባሏ ስልኩን። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እነዚህማ ቁርበቱንም ይዘው የመጡ ነበሩ፤ ፎጣቸውን አግዳሚው ላይ አንጥፈው ነው የተቀመጡት። አልቪዳን ያናደዳት ግን የእነሱ ዝምታ አልነበረም። ከኦስበርት ማጅራት በስተጀርባ ያለችው ትንሽ መስኮት ክፍት ነበረች። ሰምቷል። ማጅራቱ ንቅንቅ አላለም።

መኪናው በባሕሩ ዳር ሄደ። ከመገንጠያው ሲደርስ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ከተማው መግባት ሲገባው፣ ኦስበርት ወደ ኮረብታው ጠመዘዘው።

አልቪዳ የመውረጃ ደወሉን ተጫነች። ደወሉ ጮኸ። መኪናው ዳገቱን ተያያዘው። ደግማ ተጫነች። ኦስበርት የራዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። ከዚያ ወንበር እየያዘች፣ የሰው እግር እየረገጠች እስከ ትንሿ መስኮት ሄደችና ብረቱን በመዳፏ ደበደበችው።

«ኦስበርት። ፍርድ ቤቱ ታች ነው።»

«የት እንዳለ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አቁም።»

«ታች መንገዱ ተጨናንቋል።»

«ግድ የለም፣ አውርደኝ፤ እንደምንም እደርሳለሁ።»

ኦስበርት ለመጀመሪያ ጊዜ በመስተዋቱ አያት። «ተቀመጪ» አለ። «ከላይ እይታው ያምራል። ዛሬ ጠግበሽ እዪው፤ ከእንግዲህ ከመኝታ ቤትሽ መስኮት አታዪውም።»

ያኔ ነው የገባት። ካላዩዋት አሥራ አራት ሾፌሮች አንዱም ክፉ አልነበረም፤ ክፉው ያቆመላት ነው። አራት ሰዓት እስኪያልፍ ሊያንሸራሽራት፣ ጠበቃው ደግሞ ታች ሆኖ «አልቀረበችም» ሊል። ከጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ ድምፁ ሁሉ እንብላው እንብላው ነው። እሷ ደግሞ የጡት ነገር ስታስብ ነበር። በራሷ አፈረች፤ ከዚያ እፍረቷ ወደ ንዴት ዞረ፣ ንዴትም ጠቀማት።

ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ሰዓት ተኩል። ከሚሄድ መኪና ለመዝለል ጉልበት የላትም። የመርከቡ ሰዎች ባሕሩን ፎቶ ያነሳሉ። ዘወር አለችና አንገቷ የቀላውን ሴትዮ፣ «መርከባችሁ በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አለቻት።

«ዘጠኝ ላይ። ለምን?»

«ሾፌሩ ወዴት እወስዳችኋለሁ አላችሁ?»

«ከተማ።»

«እኔም ከተማ የሚሄድ መስሎኝ ነው የወጣሁት» አለች አልቪዳ። እስከዚህ እውነት ነበር። ቀጥሎ ያለው ውሸት ነው፤ ነገር ግን አልቆጫትም። «ይሄ መንገድ ከደሴቱ ወዲያ ማዶ ነው የሚያወርደው። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ሄደው መርከባቸው ጥሏቸው የሄደ ሰዎች እስካሁን እኛ ሰፈር አሉ። አንዷ ልብስ እንኳ የላት፣ የእኔን ቀሚስ ነው የሰጠኋት።»

የመርከብ ሰው ሞትን እንኳ እንደዚያ አይፈራም። ሴትዮዋ ደወሉን ያዘች። ባሏ በራሱ በኩል ያለውን። ከፊት ያሉት ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተከተሉ። አሥራ ስምንት ሰው በአንድ ጊዜ ሲደውል፣ ሲጮህ፣ ጣሪያ ሲደበድብ፣ ኦስበርት ኮረብታው ጫፍ ላይ ጥጉን ይዞ ከመቆም ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በወደቡ ፈቃድ የሚኖር ሰው የመርከብ ሰው ክስ አይችልም።

አልቪዳ እየተንጠላጠለች ስትወርድ እሱም በሩን በርግዶ ወጣ።

«ደስ አለሽ?» አላት። «ከዚህ በየት ልትሄጂ ነው? በመኪና እንኳ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ ያውም የሚያቆምልሽ ካገኘሽ። በዚያ ጉልበትሽ።»

«እናትህ የሞተችበትን ቤት ለመርከብ ሰው መታጠቢያ ልታደርገው?»

«እናቴ የሞተችበት ቤት አራት ክፍል አለው» አለ ኦስበርት። ድምፁ ተሰበረ፣ ቁጣው ግን አልበረደም። «እኔ ሦስት ልጅ ይዤ በአንድ ክፍል ኪራይ ስጨናነቅ አንቺ ሦስቱን ቆልፈሽ በአንዱ ትተኛለሽ። አንድ ቀን ና ግባ ብለሽኛል?»

«ሰላም ብትለኝ እልህ ነበር።»

«አላልሽኝም።»

እውነቱን ነው፣ አላለችውም። በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ቃል እንቅልፍ ይነሳት ነበር። ሰዓቷ ሦስት ከአርባ ይላል። ዞራ፣ ከመንገዱ ዳር ግንብ ጥግ ወዳለው የቡጋንቪላ አበባ ቁጥቋጦ አመራች። ከቁጥቋጦው ስር፣ በቀይ ጡብ የተሠራው የድሮ ደረጃ ኮረብታውን ሰንጥቆ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ እስካለው መንገድ ድረስ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ዞር ብላ የወንድሟን ፊት አየች። ረስቶታል። ልጆች ሳሉ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ በዚህ ደረጃ እየተሽቀዳደሙ ይወርዱ ነበር፤ እሱ ሲደክመው በጀርባዋ ታዝለው ነበር። ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው ግን ከተማውን በጎማ ነው የሚያስበው። ኦስበርት ሊከተላት አንድ እርምጃ ሲራመድ የመርከቡ ሰዎች ከበቡት። አንዱ ገንዘቤን ይላል፣ አንዱ ወደ ወደቡ መልሰኝ ይላል፣ አንገቷ የቀላው ሴትዮ ታርጋውን በስልኳ ታነሳለች።

ደረጃው ዘጠና ዘጠኝ ይባላል፤ የወጣው እንጂ የሰየመው ሰው አልቆጠረውም፣ መቶ ሦስት ነው። አልቪዳ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት በእግሯ ወረደች። በአሥራ ሦስተኛው ጉልበቷ ከዳት። ተቀመጠች። ከዚያ አልተነሳችም፤ ለፍርድ ቤት ብላ የተኮሰችውን ነጭ ቀሚስ ሰብስባ፣ ወረቀቱን በጥርሷ ነክሳ፣ እንደ ሕፃን በመቀመጫዋ ከደረጃ ወደ ደረጃ መውረድ ጀመረች። ከታች የሚወጡ የመርከብ ሰዎች ዳር ይዘው አሳለፏት። አንዱ ፎቶ አነሳት። እጁን የዘረጋላት የለም፤ እሷም አልለመነችም። ስልሳ፣ ስልሳ አንድ እያለች ትቆጥራለች። ዕንባዋ መጣ፣ ከሕመም ነው አለች ለራሷ። ከፊሉ ከሕመም አልነበረም።

የፍርድ ቤቱን በር ስትገፋ የግድግዳው ሰዓት አራት ከሁለት ደቂቃ ይላል። ጠበቃው ቆሞ ነበር።

«ተቃዋሚዋ አልቀረቡም፣ ክብርት ዳኛ። ይፈረምልን» ይላል።

ዳኛዋ ብዕር አንስታለች። አልቪዳ በሩ ላይ፣ ቀሚሷ በጡብ አፈር ቀልቶ፣ ሌላ የምትለው አልመጣላትም።

«እንደምን አደራችሁ» አለች።

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው በሙሉ፣ ጉዳይ ያለውም የሌለውም፣ ዘበኛውም፣ ጸሐፊዋም፣ «እንደምን አደርሽ» አላት። ዳኛዋም ብዕሩን እንደያዘች መለሰች። ከወደቡ በር ጀምሮ ያገኘችው የመጀመሪያ ሰላምታ ነበር።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ቤቱ ውስጥ የምኖረው እኔ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ። እቃወማለሁ።»

ዳኛዋ ሰዓቱን አየች፣ ቀሚሷን አየች፣ ብዕሩን አስቀመጠች። «ሁለቱንም ሳልሰማ አልፈርምም» አለች። ጠበቃው ወረቀቱን ቀስ ብሎ ወደ ቦርሳው መለሰ።

በሩ እንደገና ተከፈተ። ኦስበርት ነው። መኪናውን ኮረብታው ላይ ጥሎት መጥቷል፤ ያለከልካል፣ የሱሪው መቀመጫ እንደ እሷ ቀሚስ በጡብ አፈር ቀልቷል። የሆነ ቦታ ላይ ወድቋል ማለት ነው። «እንደምን አደራችሁ» አለ፤ ቤቱ በሙሉ መለሰለት። ከዚያ አጠገቧ መጥቶ ቆመና፣ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ይጠራት በነበረው ስም፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እታለም፣ እንደምን አደርሽ» አላት።

 እዚያ ደሴት ሰላምታ መልስ ሲያጣ የማይመለከተው ሰው እንኳ ትንፋሹን ይይዛል። አልቪዳ ጉልበቷን ታሻለች።

«ወይዘሮ አልቪዳ» አለች ዳኛዋ በመጨረሻ፣ «ወንድምዎ ሰላም ብለውዎታል።»

«ሰምቻለሁ» አለች አልቪዳ። «ተቃውሞዬን ይመዝግቡልኝ።»