ወደ ጉብታው ማዶ የሄደው የባሕር ልጋግ

ባሌ ባኪዝዮ መረቡን ሲስብ በዓሣ ፈንታ ልጋግ ወጣ። ቢጫ፣ ዝልግልግ፣ ከእጅ አልለቅ የሚል ነገር። ከጀልባው ጎንበስ ብዬ ሳይ የባሕሩ ወለል ያደፈ የበግ ፀጉር የለበሰ መሰለኝ። እዚሁ ሰርዲኒያ ደሴት ላይ ተወልጄ እዚሁ ሳረጅ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

ወደ ባሕሩ ከገባው ጉብታ ማዶ፣ ባይንጁ ለእንግዶች ድንኳን በሚያከራይበት በኩል ግን ውሃው ጥርት ብሏል። ባይንጁ የባኪዝዮ የአክስት ልጅ ነው።

«የሽንት ቤቱን ፍሳሽ እየለቀቀብን ነው!» አለ ባኪዝዮ።

«ፍሳሽ ጉብታ ይዘላል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን እኛ ጋ ብቻ፣ አንቲዮካ? እስቲ ንገሪኝ!»

ባኪዝዮ ሄዶ ባይንጁን በእንግዶቹ ፊት አዋረደው። ብርድ ሲገባ ልጋጉ በራሱ ጊዜ ጠፋ፤ ኩርፊያው ግን ቀረ። ልጃችን ማርያንጄላ ስትዳር የክርስትና አባቷ ባይንጁ ሰርጓ ላይ አልተገኘም። «ምን አድርጌው ነው?» አለችኝ።

በቀጣዩ ዓመት ሙቀቱ ሲመለስ የእኛ ባሕር እንደ ጠራ ቀረ። አንድ ጠዋት ባይንጁ ባልዲ ሙሉ ቢጫ ልጋግ ይዞ በራችን ላይ ቆመ።

«እንካ፣ ጠጣው! የለቀቅህብኝ አንተ ነህ!»

«እኔ? በምኔ? በአፌ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ሁለቱም አፈጠጡብኝ። ቢቸግረኝ በሁለቱም በኩል እየጠለቀች ባሕሩን የምታጠናውን ጋቪናን ጠራኋት። ባልዲውን አየችና፣

«የማንም ፍሳሽ አይደለም» አለች። «ዋቅላሚ የሚባል በዓይን የማይታይ የባሕር ተክል ነው፤ ከሌላ ባሕር መጥቶ የገባ። ሲበዛ እንዲህ ይዝለገለጋል።»

«ታዲያ ለምን አምና እኔ ጋ፣ ዘንድሮ እሱ ጋ?» አለ ባኪዝዮ።

«ሙቀቱ ይሆን፣ ነፋሱ ይሆን... አንዱ ድንጋይ ተሸፍኖ አጠገቡ ያለው ንጹሕ ሆኖ አገኘዋለሁ። እውነቱን ልንገርዎት አባባ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል።»

እሷ ከሄደች በኋላ ባኪዝዮ ባልዲውን ወስዶ ደፋው።

«ሰርጉ እንዴት ነበር?» አለ ባይንጁ።

«ጠቦቱ አርሮ ነበር። ምንም አልቀረብህም» አለው ባኪዝዮ።

ባይንጁ ገባና ምሳ በላ። ይቅርታ ማን ማንን መጠየቅ እንደነበረበት ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።