ዘጠነኛው ቅርጫት

ሳሚያ መጀመሪያ ያየችው ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ከካምፑ ግንብ ማዶ፣ በባሕር ዛፎቹ መካከል አንድ ብርቱካናማ ነገር ወደ ግራ ታጥፎ በረረና ተሰወረ። ወፍ እንዳትለው ክንፍ የለውም። ወዲያው ሰንሰለት ሲንሿሿ ተሰማ፤ ከዚያ የሰው ሳቅ። እርጥብ ፎጣ በእጇ እንደያዘች ሌላ እስኪመጣ ጠበቀች። ሌላ መጣ።

ማታ ወንድሟን ሙኒርን ጠየቀችው። ሙኒር በዚያው ካምፕ አስር አለቃ ነው።

«ዲስክ ጎልፍ ነው» አላት። «ሻምበል ባሻ ገብረየሱስ ሰላም ማስከበር ሄደው ከውጭ ወታደሮች ተምረውት መጡ። ከአሮጌ ቸርኬና ከሰንሰለት ዘጠኝ ቅርጫት አሠርተው በየቦታው ተከሉ። ዲስኩን ወርውረሽ ቅርጫቱ ውስጥ ታስገቢያለሽ፤ በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል።»

«እኔ መግባት እችላለሁ?»

«ሲቪል ያለ ዋስ አይገባም።»

«ታዲያ አንተ ምን ትሠራለህ?»

ይኸው ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሳሚያ ቦታ ካምፑ ሆነ። በር ላይ ስልኳንና መታወቂያዋን ታስቀምጣለች፣ ሙኒር በዋስነት ይፈርማል፣ ከካምፑ ዲስክ ተውሳ ትገባለች። በሌላው ቀን ተክለ ሃይማኖት ካለው የእናቷ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ የባልዲ ክዳን እያመጣች በኮንዶሚኒየሙ ግቢ ትለማመዳለች። ክዳን እንደ ዲስክ አይበርም፤ ግን እጅ ያስተምራል። የጎረቤቷን የቀመሪያን የተሰጣ አንሶላ ስንት ጊዜ ከገመድ አውርዳለች።

«ካምፕ የምትመላለሺው ለዚህ ሳህን ነው?» ትላታለች ቀመሪያ አንሶላዋን እያራገፈች። «እኔ እኮ ኒካ ሊታሰር ነው ብዬ ቀሚስ አሰፋሁ።»

«ቀሚሱን ልበሺው፤ ያምርብሻል።»

በዚህ መካከል ሙኒር ወደ ጎዴ እንዲዛወር ታዘዘ። ከሰኞ ጀምሮ ካምፑ ውስጥ ለሳሚያ የሚፈርም ሰው አይኖርም ማለት ነው። ዲስክ ጎልፍ የሚጫወቱበት ሌላ ቦታ ደግሞ አታውቅም። ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ፣ ቅዳሜ በጊዜ ሄዳ ሻምበል ባሻን ከካምፑ በር ውጭ ጠብቃ ፊት ለፊት ጠየቀቻቸው።

ሻምበል ባሻ ገብረየሱስ ኮፍያቸው የማይጣመም፣ ሣር ላይ ሲሄዱ እንኳ ሰልፍ ላይ ያሉ የሚመስሉ ሰው ናቸው። አገጫቸውን አሹ።

«ለማንም ዋስ ሆኜ አላውቅም» አሏት። «ለገዛ ወንድሜም አልሆንኩም።»

«አውቃለሁ፣ ሻምበል ባሻ።»

«ካሸነፍሽኝ ግን እሆናለሁ። እኩል ከወጣን አይቆጠርም። ደግሞ ሰንደቅ ሳይወርድ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ሲቪል ግቢ ውስጥ አይገኝም።»

ሳሚያ አሸንፋቸው አታውቅም። ግን እሺ አለች።

በሩ ላይ ያለው ወታደር ቤካ ዘወትር ቅዳሜ የሚያያትን ልጅ ዛሬም እንደ አዲስ መዘገባት። ደንቡ እንደዚያ ነው።

«ዋስ?»

«እኔ» አለ ሙኒር።

«ዝምድና?»

«ቤካ፣ አንተ ሰውዬ፣ ወንድሟ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜም ወንድሟ ነበርኩ።»

«ሰው ይለወጣል» አለ ቤካና ጻፈ።

ጨዋታው ግቢው ውስጥ በቆመ አሮጌ ታንክ አጠገብ ተጀመረ። ሻምበል ባሻ ብዙ አይወዛወዙም፤ ሁለት እርምጃ፣ የእጅ አንጓ፣ አለቀ። ሳሚያ ከእሳቸው የተሻለ ርቀት ትወረውራለች፤ ቅርጫቱ ሥር ስትደርስ ግን ትቸኩላለች። ሁለተኛው ቅርጫት ላይ ዲስኳ ሰንሰለቱን በኃይል መትቶ ተመልሶ መሬት ወደቀ።

«ተፋው» አለ ሙኒር።

«ጠንክረሽ ስትመቺው ይተፋል» አሉ ሻምበል ባሻ። «ሰንሰለት እንደ ሰው ነው፤ ሲጮኹበት አይሰማም።»

አምስተኛው ሲያልቅ በሁለት ውርወራ ይመሯት ነበር። ሙኒር ከእሷ ይልቅ ከፍቶት ከኋላ ይከተላል።

ስድስተኛው ቅርጫት ከመሣሪያ ግምጃ ቤቱ አጥር ጎን ነው። እዚያ አጥር ውስጥ የገባ ዲስክ በሻለቃ ፈቃድ ካልሆነ አይወጣም። ወታደሮቹ «መንግሥት ወረሰው» ይላሉ፤ የወረወረውም አንድ ውርወራ ተጨምሮበት እንደገና ይጀምራል። ሻምበል ባሻ እጃቸውን ወደ ኋላ ስበው ሊለቁ ሲሉ የሻለቃው መኪና በመንገዱ ብቅ አለች። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ እጅ ባለቤቱን አያማክርም። ቀኝ እጃቸው ከነዲስኩ ወደ ግንባራቸው ለሰላምታ ተወነጨፈ። ዲስኩ ኮፍያቸውን ገፍቶ ጥሎ በጆሯቸው አጠገብ አልፎ፣ በአጥሩ ላይ ተንሳፍፎ ገባ። ሻለቃው ሰላምታውን መልሶ አለፈ።

ሻምበል ባሻ እስከ መኪናዋ መጥፋት ድረስ ባዶ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ኮፍያቸውን አንስተው አራገፉ።

«መንግሥት ወረሰው» አሉ በራሳቸው አፍ።

ሙኒር ሳል የያዘው መስሎ ወደ ዛፉ ዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳሚያ ከንፈሯን ነክሳ ቆየች፤ ሻምበል ባሻ ቀድመው ሲስቁ ግን አልቻለችም፣ መሬት ቁጭ አለች። ሳቁ ችኮላዋንም ይዞት ሄደ መሰል፣ ስድስተኛውን ቀስ ብላ አስገባች። እኩል ሆኑ። ሰባተኛውም ስምንተኛውም እኩል።

ዘጠነኛው ቅርጫት ከሰልፉ ሜዳ ጫፍ ነው። የሰንደቁ ምሰሶ ከወርዋሪው ጀርባ ይሆናል። ፀሐይዋ ከባሕር ዛፎቹ ወርዳለች፤ ወታደሮች ምሰሶው ሥር ተሰልፈዋል። ቤካም ሳሚያን ሊያስወጣ ከበር መጥቶ ሜዳው ዳር ቆሟል።

ከቅርጫቱ የራቀ ቀድሞ ስለሚወረውር፣ ሻምበል ባሻ ሁለት ወርውረዋል፣ ሳሚያ አንድ። የእሳቸው ሁለተኛ ከቅርጫቱ እግር ሥር አረፈ። ሦስተኛውን ከዚያ ላይ አይስቱም። የእሷ ዲስክ ገና ሩቅ ነው። አሁን ካስገባች ታሸንፋለች፤ ከሳተች ቢበዛ እኩል ነው፣ እኩል ደግሞ አይቆጠርም።

«ሳሚ፣ ተረጋጊ» አለ ሙኒር።

«አንተ ተረጋጋ» አለችው።

ነፋሱን በጉንጯ ለካች። እጇን ስባ፣ እንደ ባልዲ ክዳን ሳይሆን እንደ ዲስክ ለቀቀችው። ጣቶቿ ሲከፈቱና ጡሩምባው ሲነፋ አንድ ሆነ።

በካምፑ ውስጥ ያለ ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ፣ ወደ ሰንደቁ ዞረ። ሳሚያም ዞረች። ዲስኩ ከጀርባዋ ገና አየር ላይ ነበር።

ሰንሰለቱ ተንሿሿ።

ገባ ወይስ ተፋው? የሚያይ የለም። ሰንደቁ ቀስ እያለ ይወርዳል። እንደዚያ ቀን ቀስ ብሎ የወረደ አልመሰላትም። ሻምበል ባሻ እንደ ድንጋይ ቆመዋል፤ አንድ ጆሯቸው ግን ወደ ቅርጫቱ ያዘነበለ ይመስላል። ጨርቁ ተጣጠፈ። ጡሩምባው ቆመ።

ሦስቱም ባንድ ጊዜ ዞሩ።

ብርቱካናማው ዲስክ ቅርጫቱ ውስጥ ጋደም ብሏል። ሰንሰለቶቹ ገና ይወዛወዛሉ።

ሙኒር እህቱን አንስቶ አሽከረከራት። ቤካ ግን እየተራመደ መጣ።

«ሻምበል ባሻ፣ ይቅርታ። ጡሩምባው ተነፍቶ ነበር። ከጡሩምባ በኋላ የሲቪል ጨዋታ...»

ሻምበል ባሻ ወደ ሳሚያ ዞሩ። «ጡሩምባው ሲነፋ ቆመሻል?»

«ቆሜያለሁ።»

«እኔም ቆሜያለሁ። አስር አለቃም ቆሟል። ያልቆመው ዲስኩ ብቻ ነው።» ቅርጫቱ ጋ ሄደው አነሱት፤ ሥሩ የተጻፈውን የካምፑን ቁጥር ለቤካ አሳዩት። «ይኸ የካምፑ ንብረት ነው። በካምፑ ውስጥ በፈለገው ሰዓት ይንቀሳቀሳል።»

ቤካ ቁጥሩን አየ። ቀድሟቸው ወደ በሩ ሄደ።

በሩ ላይ ሳሚያ ስልኳንና መታወቂያዋን ስትቀበል፣ ሻምበል ባሻ መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡና ለመጪው ቅዳሜ በዋስነት ፈረሙ። ቤካ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ቀና አለ።

«ዝምድና?»

ሻምበል ባሻ ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«ተሸናፊ በል» አሉት። «እስከ ቅዳሜ።»