ግድግዳ የማይበሳ

ሁለቱ ጥይቶች በመሣሪያ ሱቁ የመስታወት ባንኮኒ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንደኛው ጫፉ ድፍን፣ ሌላው ጫፉ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ያለው። ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ አለችና መርፌ ላይ ክር እንደምታስገባ ሁሉ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየቻቸው።

ባለሱቁ፣ የውትድርና ደጃፍ ሳይረግጥ ሰፈሩ «ሻለቃ» የሚለው ሰው፣ ከባሏ የቀረላትን ሽጉጥ በመዳፉ መዘነና ፈገግ አለ። ይህቺ ድመትም አታስደነግጥ፣ ተለቅ ያለ ላሳይሽ አላት። እሷ ግን ሽጉጥ ልትለውጥ አልመጣችም። ፈቃዷን ከቦርሳዋ አውጥታ አስቀመጠችና የትኛው ጥይት ግድግዳ እንደማይበሳ ጠየቀችው።

«ሰው የሚጠይቀኝ የትኛው እንደሚበሳ ነው» አለ ሻለቃ፣ ፈገግታው ከፊቱ ላይ እየጠፋ።

«ከእኔ ግድግዳ ወዲያ አማቴ ተኝተዋል።»

ባሏ ከሞተ ወዲህ ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ ቤቱ የእኔ ነው እያለ መግቢያ መውጫ አሳጥቷታል። መጀመሪያ በልመና መጣ፣ ቀጥሎ በዛቻ፤ ሰሞኑን ደግሞ ጎረምሶች አስከትሎ በሩን በእርግጫ ሰነጠቀው። ፖሊሶቹ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ተስማሙ ብለው ሸኟት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ ወደ ማታ የጭነት መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ ዕቃሽን ሸክፈሽ ጠብቂኝ ብሎ ላከባት። ከስስ የእንጨት ግድግዳ ጀርባ የአልጋ ቁራኛ ስለሆኑት እናቱ አንድም ቃል አልጨመረም።

ሻለቃ፣ ባለጎድጓዳው ሲመታ ጫፉ ስለሚከፈት ቶሎ እንደሚቆም አስረዳት። ሆኖም በስስ እንጨት ላይ የሚታመን ጥይት የለም፤ ባረጀ ሽጉጥ ደግሞ ተቀርቅሮ ይነክሳል። ጓሮ ባለው መሞከሪያ ክፍል ሞከረችው። የመጀመሪያው ወጣ። ሁለተኛው ነከሰ፤ ቃታውን ብትስብ ብትስብ እምቢ አለ። ድፍኑ ግን አንዱም አላስቸገራት። ሻለቃ ድፍኑን መጠቅለል ጀመረ።

«ተወው» አለችው። «ቢነክስ የሚጎዳው እኔን ነው። ቢበሳ ግን እሳቸውን።»

ባለጎድጓዳውን ይዛ ወጣች።

ቤት ስትደርስ አማቷ ነቅተው ነበር። ምን ገዝተሽ መጣሽ ሲሏት አልደበቀችም፤ ለምን ያንን እንደመረጠችም ነገረቻቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጣራው ላይ ተከሉ። መሣሪያው ሊነሳ የታሰበው ጡታቸውን ባጠቡት ልጅ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ቁጣውን፣ እርግማኑንም ጠበቀች።

«አንሺኝ» አሉ በመጨረሻ። «በሩ ፊት አስቀምጪኝ።»

አቅፋ አነሳቻቸው፤ አጥንት ብቻ ሆነዋል። ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ የተሰነጠቀው በር ትይዩ፣ ባለመደገፊያው ወንበር ላይ አስቀምጣ ጉልበታቸውን በብርድ ልብስ ሸፈነች።

«እማማ፣ እዚህ ከሆኑ እኮ መተኮስ አልችልም።»

«አውቃለሁ። እሱም እኔን ሳያነሳ አንዲት ዕቃ አያወጣም። ያንን ነገር መሳቢያው ውስጥ ክተቺና ከጎኔ ቁሚ።»

ደጅ ላይ የከባድ መኪና ሞተር አጓርቶ ጠፋ። የጎረምሶች ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያ የዋርሳዋ ኮቴ። ልብስ ሰፊዋ ሽጉጡን የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ከትታ ዘጋችው፣ አልቆለፈችውም። እርግጫውን አልጠበቀችም። ሄዳ መቀርቀሪያውን ሳበችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።