የመሪጌታ ጀርባ

የባለቤቴ የመሪጌታ ወልደኢየሱስ ጀርባ መጉበጥ ሲጀምር ደብሩ በሙሉ ደስ አለው። «የስግደታቸው ፍሬ ነው» ተባለ። ሲከሱ ደግሞ «ጾሙ ነው» አሉ። ከቅዳሴ ሲወጡ ሴቶቹ ከኋላቸው እየተከተሉ ጉብታውን ይሳለሙ ጀመር። ጥርሴን ነክሼ ከረምሁ፤ አንድ እሑድ ግን አላስቻለኝም።

«ምነው እናንተ! የቤተ ክርስቲያኑ በር አንሷችሁ ነው የሰው ጀርባ የምትስሙት?» ብዬ ጮኽሁባቸው።

«ተዪያቸው፣ ወለተሩፋኤል» አሉኝ መሪጌታ፣ ፈገግ ብለው።

በፍልሰታ፣ ማኅሌት ቆመው በመቋሚያቸው ወዲህ ወዲያ እያሉ ሲዘምሙ እግራቸው ከዳቸው። ካህናቱ ተሸክመው መኪና ላይ ጫኗቸው፤ ሆስፒታል ገባን።

ዶክተር ዝማሬ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት። የጀርባቸውን ፎቶ ብርሃን ላይ አድርጋ አሳየችኝ።

«እማማ፣ አከርካሪ እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ አጥንት ነው። እያንዳንዱ በፊት በኩል ወፍራም ነው፤ ክብደታችንን ይሸከማል። በኋላ በኩል ቀለበት አለው፤ እግርን የሚያዘው፣ ስሜቱንም የሚያመጣው ሕብለ ሰረሰር በዚያ ውስጥ ያልፋል። በአጥንቶቹ መካከል ደግሞ ለስላሳ ትራስ አለ፤ ጎንበስ ቀና የምንለው በሱ ነው።»

«የሳቸውስ ምን ሆነ?»

«ከአጥንቶቹ ሁለቱን ቲቢ በላቸው። የአጥንቶቹ የፊት በኩል ሲፈርስ ጀርባቸው ጎበጠ፤ ፍርስራሹ ሕብለ ሰረሰሩን ተጫነው።»

«ኧረ እሳቸው ሳል የለባቸውም!»

«ቲቢ አጥንት ውስጥም ይገባል፣ እማማ።»

የቸገረኝ ሌላ ነው። ማኅሌት በቁም ነው፤ መሪጌታ ያለ ማኅሌት ምን ሆነው ይኖራሉ? «ለመስቀል ይቆሙ ይሆን?» አልኋት።

«በሽታውን መድኃኒቱ ያጠፋዋል። እግራቸው ግን የሚመለስ አይመስለኝም። ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን…» ብላ ፎቶውን ከብርሃኑ ላይ አነሳች። ጉብታውን የሳሙትን ሁሉ በልቤ ረገምኋቸው።

ገብቼ አልጋቸው ግርጌ ተቀመጥሁ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«መሪጌታ፣ አያምዎትም ነበር?»

«እንዴታ! ያመኝ ነበር እንጂ።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ሲብስብኝ፣ ‹ስግደቴን ተቀበለልኝ› እያልሁ ደስ ይለኝ ነበር» አሉኝ።

ዓይናቸውን ቢገልጡ እንባዬን እንዳያዩብኝ አቀርቅሬ፣ እግራቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥቼ በሁለት እጄ ማሸት ጀመርሁ። ጥቂት ቆይተው እጃቸውን በአልጋው ላይ እየዳበሱ ፈለጉኝ።

«ወለተሩፋኤል፣ የት ሄድሽ?» አሉ። «ነይ እንጂ፣ እግሬን እሺልኝ።»