ሁለተኛው ቁጥር

ስልከኛዋ ሥራ በጀመረችበት ዘመን ሰው ከሰው የሚገናኘው በገመድ ነበር። ደዋዩ ቁጥሩን ይነግራታል፤ እሷም ገመዱን ስባ ከቀዳዳው ትሰካለች። ከምሳ በኋላ ግን ከተማው ሁሉ ያንቀላፋ ይመስል የስልክ ማዞሪያው ክፍል ጭር ይላል። ያን ጊዜ አጠገቧ የሚቀመጡት አንጋፋ ስልከኛ፣ «መስመር ላይ ይቆዩ» ማለት ስለሚያበዙ እትዬ መስመር የሚባሉት፣ በጥሪ መመዝገቢያው ወረቀት ጀርባ እንቆቅልሽ ይጽፉላታል።

አንዱ ከሁሉም ባሰ። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን አሃዞች እያንዳንዳቸውን አንዴ ብቻ ተጠቅመሽ ባለ አሥር አሃዝ ቁጥር ሥሪ አሏት። የፊተኞቹ ሁለት አሃዞች ለሁለት፣ የፊተኞቹ ሦስት ለሦስት፣ አራቱ ለአራት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ መላው ቁጥር ለአሥር ያለ ቀሪ መካፈል አለበት።

መጨረሻው ዜሮ፣ አምስተኛው ቦታ ደግሞ አምስት መሆኑን በዚያው ቀን ደረሰችበት። የቀረው ክረምቱን ሙሉ ፈጀባት። ሰባት ላይ ስትደርስ ሁሉም ይፈርስባታል። በመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት 3816547290 ብላ ጻፈች። 38ን ለሁለት፣ 381ን ለሦስት፣ 3816ን ለአራት እያለች እስከ አሥር አካፈለች። አንድም ቀሪ አልተገኘም።

እትዬ መስመር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«እሱው ነው። ሌላ የለም።»

«በምን አወቁ?»

«የለም አልኩሽ።»

ነገሩ ከነከናት። ሁለተኛውን ሳላገኝ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ያለ ስልከኛ የሚያገናኘው አውቶማቲክ ስልክ መጥቶ ገመዶቹ ሲነቀሉ፣ ባልደረቦቿ ተላቅሰው ሲበታተኑም ፍለጋዋን አልተወችም። ልጅ እያጠባች፣ ምድጃ እየጠበቀች አሃዝ ስታገላብጥ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። ባሏ ያልተጻፈበት ወረቀት ቤት ውስጥ ሲያጣ፣ የጋብቻ ወረቀታችንን እንኳ ማሪልኝ ይላት ነበር።

በቅርቡ የኮምፒውተር ባለሙያው የልጇ ባል ጉዳዩን ሰምቶ ማሽኑን ጠየቀላት። መልሱ ዓይን ሳይርገበገብ መጣ፤ አንድ ብቻ። አማቿ የምሥራች ያበሰራት መስሎት ፈገግ አለ። እሷ ግን የብዙ ዓመት እንግዳ እንደሸኘ ሰው ጓዳ ገብታ ተቀመጠች።

በማግስቱ አድራሻ አጠያይቃ እትዬ መስመር ቤት ሄደች። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምጿ ግን ወዲያው ለዩዋት። ማሽኑ ያለውን ነግራቸው፣ ያኔ እንዴት ሊያውቁ እንደቻሉ ጠየቀቻቸው።



«የት አውቄ» አሉ እትዬ መስመር። «ቁጥሩን የነገሩኝ አባቴ ናቸው። ሁለተኛውን ፈልጌ ፈልጌ ሲያቅተኝ፣ በአንቺ እንዳልቀደም ብዬ ነው የለም ያልኩሽ። ዓይኔ እስኪከዳኝ ድረስ እኔም ስፈልግ ነበር።»

በእጃቸው ቁም ሳጥኑን አመለከቷት። ከፈተችው። በክር የታሰሩ ወረቀቶች እስከ ላይ ተደርድረዋል፤ የታችኞቹ የማዞሪያው ክፍል የጥሪ መመዝገቢያዎች ናቸው። አንዱን እስር ፈትታ መሬት ላይ ተቀመጠችና አሃዞቹን ጮክ እያለች ታነብላቸው ጀመር። እሳቸውም እያንዳንዱ የትኛው ቦታ ላይ እንዳቃታቸው፣ ያን ቀን ማን ተረኛ እንደነበረ፣ ማን ከማን ተኳርፎ እንደዋለ ሳይቀር እያስታወሱ ይነግሯታል። ለመሄድ ስትነሳ፣ የእሷንም ወረቀቶች ሐሙስ ይዛ እንድትመጣ አዘዟት።