የወንዝ ዳር መርዶ

«ጋሼ፣ እትዬ አዜብ አጠገብዎ አሉ?» አለ አዛርያስ፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ በስልክ።

ወንድይፍራው ከተጎታች ቤታቸው፣ ከካራቫኑ ኋላ ዞረ። «ወንዙ ዳር ናት። ምነው?»

«እህታቸው እትዬ ጽጌ አዲስ አበባ አርፈዋል። እንዳይሰሙ፣ በሰበብ ይዘዋቸው ይመለሱ። ነገ ማለዳ ሰንሻይን ዌስት ሰፈር ቤታችሁ ተሰብስበን እናረዳቸዋለን።»

ወንድይፍራው የሚስቱን ስልክ ከጠረጴዛው አንሥቶ አጠፋውና ኪሱ ከተተው። ጡረታ በወጣ በወሩ፣ አዜብን የሚኖሩበትን የፈረንጅ አገር ሊያዞራት ካራቫን ተከራይቶ ጎልበርን ወንዝ ዳር ካረፉ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ሰበብ መፍጠር ሃያ ዓመት ታክሲ ለነዳ ሰው አይቸግርም፤ ፍሬኑ አስቸገረ ይላል። ደግሞስ እሱ ራሱ በእድሩ ስም የስንቱን በር በማለዳ አንኳኩቷል! መርዶ በወጉ፣ ሰው ባለበት ነው የሚነገረው።

አዜብ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራለች። እንዲህ ፊቷ ፈክቶ ካያት ስንት ጊዜው!

«ወንዴ፣ ስልኬን አየኸው? ለጽጌ ወንዙን በቪዲዮ ላሳያት። ካራቫን ተከራየን ስላት እኮ ‹እንደ ኤሊ ቤት ተሸክማችሁ?› ብላ ስቃብኛለች።»

«ቻርጅ... ቻርጅ ጨርሷል።»

«ያንተን ስጠኛ!»

«አዜብዬ፣ ፍሬኑ አስቸግሯል። ወደ ቤት ብንመለስስ?»

«ጠዋት ደህና አልነበረም? ይሁን፤ ብቻ መጀመሪያ ጽጌ ትየው።»

እጇን ዘርግታ ጠበቀችው። እሷ ስለ ጽጌ እያወራች፣ እሱ እየዋሸ የሁለት ሰዓት መንገድ ሊነዳ ነው? አንጀቱ አልቻለም። ግን ብቻዋን እንዴት ያርዳት? ራሷን ስታ ብትወድቅ ደግፋ የምትይዛት ሴት እንኳ የለችም።

«መጣሁ» አላት።

ከጎናቸው ካለው ካራቫን ደጃፍ ላይ፣ ትናንት ክብሪት ያዋሷቸው ፈረንጅ ባልቴት ድንች ይልጣሉ። ወንድይፍራው ኮፍያውን አወለቀ።

«የሚስቴ እህት ሞታለች፤ እሷ አልሰማችም» አላቸው በእንግሊዝኛ። «በእኛ ደንብ ይህ ነገር ሰው በሌለበት አይነገርም። እባክዎ መጥተው አጠገቧ ይቀመጡልኝ።»

ባልቴቷ ቢላዋውን አስቀምጠው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «የእህቷ ስም ማን ነበር?»

«ጽጌ» አለ። እንባው ቀደመው።

አይኑን በክንዱ ጠርጎ፣ የባልቴቷን ወንበር ተሸክሞላቸው ወደ ወንዙ ወረደ።