የምች ወረቀት

በወዛደር ቀን የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ልጄን የሺዓለምን ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሰልፍ አደባባይ አቆማት። የአዳማ ፀሐይ ደግሞ ይታወቃል። ነጠላ መከናነብ የአድኃሪ ነው ተብሎ ተከልክሏል። በሦስተኛው ቀን ከንፈሯ ውኃ ቋጠረ። ምች ነው። ዳማ ከሴ አሽቼ ቀባኋት።

በዚያ ባለቀ ነበር። ግን ስብሰባ ስለቀረች ቀበሌው የሐኪም ወረቀት ጠየቃት። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ።

ድሬሰሩ ደሊል «ምን ሆና ነው?» አለ።

«ምች መቷት።»

«እማማ፣ ምች የሚባል በሽታ የለም።»

«ከንፈሯ ላይ ያለው ታዲያ ጌጥ ነው?»

ሳቀና ጻፈ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ለቀበሌው እስክሰጠው ወረቀቱን ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት።

እሁድ ኦቦ ነጋሳ የልጃቸውንና የየሺዓለምን የሠርግ ቀን ሊቆርጡ ከአርሲ ነገሌ መጡ። እህል ነጋዴ ናቸው። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ካገኙ ወዲህ የሳሙና ካርቶን ሳይቀር ጮክ ብለው ያነባሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለውንም ወረቀት አነሱ።

«የከንፈር ቁስል። በመሳሳም... የሚተላለፍ።»

የሺዓለም ወደ ጓሮ ወጣች።

«እትዬ ሸዋወርቅ፣ ልጄ እጇን እንኳ አልነካም። የሳማት ማን ነው?»

ወረቀቱን ተቀብዬ አገላበጥኩት፤ ለእኔ ጭረት ብቻ ነው።

«እስከ ሐሙስ ይንገሩኝ። ካልሆነ ነገሩ ይቅር» ብለው ተነሡ።

ሰኞ ደሊልን ልሰድብ ጤና ጣቢያ ስደርስ ዶክተር ሙሉብርሃን ጩኸቴን ሰምተው አስገቡኝ።

«እርስዎም እሱም ልክ ናችሁ» አሉ። «ጀርሙ የሚገባው በመሳም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሕፃንነት። ከዚያ ተኝቶ ይኖራል። ቆዳችን ውስጥ ደግሞ አንድ ቅመም አለ፤ ፀሐይ ስትመታው ቅርፁ ይጣመማል። የተጣመመው የቆዳን ዘበኞች ያደነዝዛል። ያኔ የተኛው ይነሣል። ይህን የውጭ አገር ሐኪሞች ያወቁት በቅርቡ ነው።»

«እኛ በቅርቡ አይደለም ያወቅነው። ዘበኛውስ ፀሐይ በመጣ ቁጥር የሚያንቀላፋው ምን ነክቶት ነው?»

«ባያንቀላፋ ፀሐይ የለበለበችውን የገዛ ቆዳችንን ጠላት ብሎ ይወጋዋል ይላሉ።»

«ከቀበሌያችን ጥበቃ ይሻላላ።»

ዶክተሩ በሩን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነሱ፦ «እርስዎንስ ምች ይመታዎታል?»

«በየበጋው።»

«ሕፃን ሳለች የሚስማት ማን ነበር?»

ሳልሰናበታቸው ወጣሁ።

ከባሌ ሞት ወዲህ ራሴን ገልጬ ደጅ ወጥቼ አላውቅም። በዚያ ሳምንት ግን ነጠላዬን ቤት ጥዬ፣ ሰኞን ተሲያት፣ ማክሰኞንና ረቡዕን ደግሞ ሙሉ ቀን ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤት አበደች አለ። ይበል።

ሐሙስ ጧት በአውቶቡስ ነገሌ ወረድኩ። ኦቦ ነጋሳ ገበያ መሐል ስንዴ ያስመዝናሉ።

«የሳማት እኔ ነኝ» አልኩ። «ጡት ስትጠባ፣ ከንፈሬ ቆስሎ ሳለ። የሳማት ሌላ የለም።»

ሚዛኑ ቆመ። ሰው ሁሉ ያየኛል።

«ወረቀት አለዎት?»

ነጠላዬን ከአፌ አወረድኩ። ከንፈሬ ከዳር እስከ ዳር ውኃ ቋጥሯል።

«ያንብቡ።»

ቀረብ ብለው እንደ ፊደል ቆጣሪ ቀስ እያሉ ከግራ ወደ ቀኝ አዩት። ከዚያ ወደ መዛኙ ዞሩ።

«ለሠርጉ ሁለት ኩንታል ለይልኝ» አሉ። ወደ እኔም፦ «ዳሱን ግን ሰፋ አድርጉት፣ እትዬ። ጥላ ይብዛ።»